ለመንገድ ልጅ፣ ለትዳር አዋቂ

«ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ልጅ ናት፣ መንገዱ ይከብዳታል።»

ኧረ አያ! እንስራ አዝላ ወንዝ ስትወርድ ልጅነቷ የት ነበር? ቅዳሜ ጤፍ ተሸክማ ገበያ ስትከተልዎስ መንገዱ አጥሮ ነው? ለመንገዱ ልጅ የሆነችው፣ ሽማግሌ ደጅ የቆመ ዕለት በአንድ ሌሊት አዋቂ ትሆናለች። ዕድሜዋን ባንዱ ይቁረጡት! ሕጉማ ቆርጦታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ 18 ብሏል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ያንኑ ደንግጓል። 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ያገባ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 መሠረት እስከ 7 ዓመት ይታሰራል።

«ቆማ ትቀርብኛለች።»

ቆማ አትቀርም፤ ቁጭ ብላ ትማራለች።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።»

እቤትዎ ድረስ መጥታ ልጅዎን ያስከተበችው፣ ሚስትዎን ጤና ጣቢያ ሂጂና ውለጂ ብላ የመከረችው ማን ናት? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አይደለችም? ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ለዚህ ሥራ ሠልጥነዋል። ለገጠር ሥራው የተመለመሉት 10ኛ ክፍል የጨረሱ የዚያው የገጠር ልጆች ነበሩ። አባቷ በ8ኛ ክፍል ድሯት ቢሆን ኖሮ የእርስዎን ልጅ ማን ያስከትብልዎ ነበር?

«ድሃ ነኝ፤ አንድ አፍ ይቀነስልኝ።»

ለዚህ ምላስ አልስልም። እውነት ነውና መልሱ በእጅ ነው መሰጠት ያለበት። ምዕራብ ጎጃም፣ ሞሰቦ ላይ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» በሚባል ፕሮግራም ተሞክሯል። ለልጅቷ ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጣት፤ ሳትዳር ከቆየች ለቤተሰቡ ፍየል ተሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ከትዳር ተርፈው ትምህርት ቤት ዋሉ። አባት ልጁን የሚጠላ ቢሆን ኖሮ ፍየል ሐሳቡን ባላስለወጠው ነበር። 15 ባለፉት ላይ ግን ያን ያህል አልሠራም።

15 ዓመት እኮ የ9ኛ ክፍል ዕድሜ ነው! እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ሚኒስትሪ አለፈች፣ እልል ተባለ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግን ወረዳ ከተማ ነው። ሦስት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። ጥግ ላይ ድርቆሽ በኬሻ፣ ሽሮና በርበሬ በፌስታል፤ ስንቁ የሚታደሰው አባት ለገበያ ሲመጣ ነው። የበሩ መዝጊያ የታጠፈ ሚስማር ነው፤ ማታ ማታ ጀሪካን ውሃ ሞልተው ከበሩ ሥር ያስደግፉበታል። ኪራይ ሲዘገይ አከራዩ የሚያያቸው አስተያየት ይለወጣል። ደላላው ደግሞ «ዓረብ አገር ብትሄጂ ይሻልሻል» ለማለት ይህችን ቀን ይጠብቃል።

ወረዳው ታዲያ ምን ይላል? «የወላጆች የግንዛቤ እጥረት አለ።»

የለም! ያንን ሚስማር ያየ አባት ከበቂ በላይ ገብቶታል። ልጁን ይዞ የተመለሰው ስለገባው ነው። ለግንዛቤ ማስጨበጫ አዳራሽ ተከራይታችሁ አበል ከፍላችኋል፤ ለበሩ ቁልፍ የገዛ ግን የለም።

«ስለ ወር አበባ በአደባባይ ማውራት ነውር ነው።»

ነውሩ ውሃና በር የሌለው የትምህርት ቤት ሽንት ቤት ነው። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ፋብሪካ ከፍታ ታጥቦ የሚያገለግል ሞዴስ አመረተች፤ በ2012 ዓ.ም. ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸለማት። እሷ አፍራ ዝም ብትል ኖሮ ስንቷ ተማሪ በወር በወሩ ከክፍል ትቀር ነበር!

(ጦርነት በሩን የዘጋበት ትምህርት ቤት የባሰ ቁጣ ይገባዋል፤ እዚህ የምናገረው ክፍት ሆኖ ሳለ ልጅቷ ስለማትደርስበት ነው።)

«ለሴቶች ማደሪያ በጀት አልተያዘም።»

እንግዲያው ይያዝ! ፎቅ ሥሩ ያለ የለም። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ቤት፣ ተደራራቢ አልጋ፣ የውሃ ቦኖ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ አብራቸው የምታድር አንዲት ፕሮክተር። ድንጋዩንና እንጨቱን ገበሬው ራሱ ያቀርባል፤ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ሲያቀርብ ኖሯል። ወረዳው ቆርቆሮውንና የፕሮክተሯን ደመወዝ ይቻል። ሚኒስትሪ ያለፉት ልጆች ዝርዝር እጃችሁ ላይ ነው፤ ስንት አልጋ እንደሚያስፈልግ ከዚያው ቁጠሩ።