ዘመድ አዝማድ ይዞ ማሳይ ማራ ለሚያድር ሰው የተሰጠ ምክር

ቤተሰብዎን ሰብስበው ወደ ኬንያው ማሳይ ማራ ሊሄዱ ካሰቡ መጀመሪያ ስለ አንበሳ መጨነቅዎን ይተዉ። አንበሳ ሥራውን ያውቃል፤ ቀን ይተኛል፣ ማታ ያድናል፣ የማንንም ጉዳይ አይጠይቅም። ጭንቀቱ ያለው እርስዎ ይዘው በሚሄዱት ወገን ላይ ነው። አማት አሉ፣ ሁሉን የሚያውቁ አጎት አሉ፣ ከባለፈው ሠርግ ወዲህ የተኮራረፉ እህትማማቾች አሉ፣ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ አብሮ የሚጠፋ ጎረምሳም አለ። ምክሬ እነሱን ስለ መያዝ ነው።

ማረፊያ ሲመረጥ ዘመድ ሁሉ አጥርና መዋኛ ያለውን ትልቁን ሎጅ ይላል። እሺ እንዳይሉ። ትልቅ ሎጅ ቤተሰብ ይበትናል፤ ጎረምሳው ዋይፋይ ፍለጋ ይሄዳል፣ አጎት ከባሩ አይነሱም፣ እህትማማቾቹም ሦስት ቀን ሙሉ ሳይተያዩ ይመለሳሉ። ትንሹ የድንኳን ካምፕ ግን አሥር የማይሞሉ ድንኳኖች፣ አንድ ገበታ፣ አንድ እሳትና አንድ መኪና ነው። አጥር ስለሌለው ከጨለመ በኋላ ብቻውን የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። የተኳረፈ ሰው ተነሥቶ የሚሄድበት ቦታ ያጣል። በሁለተኛው ራት ላይ «ጨው አቀብዪኝ» የሚል ድምፅ ከሰሙ አይደነቁ፤ ሽማግሌ ያልቻለውን ጨለማ ችሎት ነው።

ጊዜው ሐምሌና ነሐሴ ይሁን። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከሚሆነው የሴሬንጌቲ ዊልደቢስት ብዙው ሣር ፍለጋ ወደ ሰሜን ተጉዞ፣ አዞ እየነጠቀው የማራን ወንዝ የሚሻገረውም በዚሁ ሰሞን ነው። ዋጋውም አብሮ ይሻገራል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ አገር ጎብኚ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ያለው የቀን መግቢያ ብቻ ለአንድ አዋቂ 200 ዶላር ነው። ይህን ቁጥር ወደ ብር መንዝረው ለአማትዎ እንዳይነግሩ። ኢትዮጵያዊ ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ይህን ግን ደጋግመው ይንገሯቸው፣ ትርፍ ያገኙ ይመስላቸዋል።

ወደ ጓዝ እንምጣ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከናይሮቢ በናሮክ በኩል በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በትንሿ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ትንሿ አውሮፕላን ግን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ብቻ፣ እሱም በለስላሳ ቦርሳ ካልሆነ አትቀበልም። አሥራ አምስት ኪሎ ለእኛ ሰው የስንቅ እንጂ የጓዝ ሚዛን አይደለም። በዚያ ላይ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። የእኛ ሻንጣ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ፌስታል ነው፤ ጫማው በፌስታል፣ በርበሬው በሁለት ፌስታል፣ ለመልስ ጉዞ የሚሆነው ባዶ ፌስታልም ተጣጥፎ በሌላ ፌስታል። ከመነሳትዎ በፊት ሁሉንም አውጥተው በጨርቅ ከረጢት ይተኩ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጥብቅ ሥፍራዎች ውስጥ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክም ስለታገደ ሃይላንዱን ይተዉና ኮዳ ይያዙ። ጋቢ ግን አይርሱ። ማራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 ሜትር ስለሚበልጥ ንጋት ላይ በተከፈተ መኪና የሚነፍሰው ነፋስ ፈረንጁን ከነጃኬቱ ያንቀጠቅጠዋል፤ የእርስዎን ጋቢ እያየም ይቀናል።

ስንቁን በተመለከተ የካምፑ ሕግ አጭር ነው፤ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም። አስጎብኚዎች እንደሚሉት አውሬ የተዘጋን ድንኳን እንደ ቋጥኝ አይቶት ያልፋል። ቋንጣ የሚሸት ቋጥኝ ሲያጋጥመው ምን እንደሚያስብ ግን አማትዎን ባንፈትንባቸው ይሻላል። ዳቦ ቆሎውን፣ ቋንጣውንና «ለመንገድ» የተባለውን ሁሉ ለወጥ ቤቱ ያስረክቡ። ዝንጀሮና ጦጣም አሉ። ዚፕ መክፈት ይችላሉ፤ የማይችሉት መዝጋት ነው።

ነሐሴ የፍልሰታ ወር መሆኑ ብዙዎችን ያሰጋል፤ «አክስቴ እዚያ በረሃ ምን ትበላለች?» ይላሉ። አክስት ከሁላችሁ የተሻለ ይበላሉ። ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን ነው፤ ጊዜሪ የሚሉት የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ነው፤ ቻፓቲም አለ። ቦታ ሲይዙ «ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት» ብለው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ወጥ ቤቱ ለፈረንጅ ቪጋን የለመደው ሥራ ነው። ለአክስት ሲሆን ደግሞ ከጣቱ ይልቅ ጆሮውን ማዘጋጀት አለበት፤ ሽሮ አሠራር ሳያስተምሩት አይመለሱም።

የሰዓት ነገር አለ። መኪናው የሚነሳው ማለዳ 12 ሰዓት ነው። አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ሲነግርዎ «ስድስት» ይላል፤ አጎት ይህን ሰምተው እስከ ምሳ ይተኛሉ። ስዋሂሊ እንደ እኛ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ «ሳአ ኩሚ ና ምቢሊ» ካላችሁት ልክ 12 ማለት ነው። አጎት ይህን ሲሰሙ አፍሪካ አንድ መሆኗን በምሳሌ ማስረዳት ይጀምራሉ። ያስረዱ፤ ከመኪናው ሳይወርዱ ብቻ።

መኪና ውስጥ ዋናው ነገር ዝምታ ነው። ይህ የሚከብደን መሆኑን አውቃለሁ። አንበሳ ግልገሎቿን ስታጠባ ያየች አክስት እልል ብትል ማን ይወቅሳታል? አንበሳዋ ግን ልማዳችንን ስለማታውቅ ግልገሎቿን ይዛ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች፤ ከኋላ ወረፋ የያዙት መኪኖችም ዓይን ዓይናችሁን ያያሉ። እልልታው ካምፕ እስክትመለሱ ይቆይ። አጎትም ጎፈራሙን አንበሳ አይተው «የእኛ የስድስት ኪሎዎቹ ጎፈራቸው ጥቁር ነው» ማለታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት የአዲስ አበባው አንበሳ ግቢ አንበሶች ከሌሎቹ የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። አስጎብኚው በትሕትና ራሱን ሲነቀንቅ ጉዳዩን እዚያው ይዝጉት፤ አለበለዚያ አጎት ከአድዋ ጀምረው እስከ ምሳ ይዘልቃሉ፤ አቦሸማኔውም ሳይታይ ያልፋል።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ገላ መታጠቢያው ከድንኳኑ ጀርባ በገመድ የሚሰቀል ባልዲ ነው። ሠራተኛው ሙቅ ውኃ ይሞላና «ዝግጁ?» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለዎት ጥቂት ደቂቃ ነው። ሳሙና ፊት ላይ እንደተቀባ ሐሳብ ማብሰልሰል እዚህ አይሠራም። ከራት በኋላ ደግሞ አልጋዎ ውስጥ ልብስ የለበሰ፣ የሚሞቅ፣ በእግር ሲነኩት የሚላወስ ነገር ያገኛሉ። ለብርዱ የገባ፣ ሙቅ ውኃ የተሞላ የጎማ ከረጢት ነው። ለአክስት አስቀድመው ይንገሩ። የአንበሳ ግሳት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሰማል ይባላል፤ የአክስትን ጩኸት ግን እስካሁን የለካ የለም።

«ዝም በል፣ ጅብ ይመጣል» እያላችሁ ልጅ ላሳደጋችሁ ወላጆች ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚህ ጅቡ በእርግጥ ይመጣል፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ቆሞ ይጮኻል። ስንት ዓመት የተዘራ ማስፈራሪያ በአንድ ሌሊት ይታጨዳል፤ ሕፃኑ ከእናትና ከአባቱ መሐል ገብቶ እስከ መመለሻው ቀን አይወጣም። አንዳንድ ካምፖች ትንንሽ ልጆችን የማይቀበሉት ከዚህም የባሰ ስለሚያውቁ ይሆናል፤ የዕድሜ ገደባቸውን ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ስንብት ነው። ከጨለመ በኋላ ከእሳቱ ዳር ወደ ድንኳን የሚወስድዎ ጦርና ባትሪ የያዘ የማሳይ ዘበኛ ነው፤ ጉማሬ ከወንዝ ወጥቶ በድንኳኖቹ መካከል ሣር ስለሚግጥ ብቻዎን አይሄዱም። ፈረንጅ ሁለት ቃል ብሎ ይከተለዋል። እኛ ግን ጀበና ይዘን ነው የመጣነው። በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ የለም፤ ከተነሱ በኋላ ቆሞ ሌላ ወሬ ይጀመራል፤ ድንኳን በር ላይ ደግሞ «ደህና እደሩ»፣ «እግዜር ያሳድረን»፣ «ነገ እንግዲህ ቀስቅሱን»፣ «እኔ የምልህ ግን ያ የመሬቱ ጉዳይ ምን ደረሰ?» ይከተላል። ዘበኛው ባትሪውን ወደ ቁጥቋጦው እያዞረ ይጠብቃል። ቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት ዓይን ሲያበራ ወደ እናንተ ዞሮ ፈገግ ይላል፤ ያን ጊዜ የመሬቱ ጉዳይ ለነገ ይደር።

ቦታ መያዝ ካሰቡ ከወራት በፊት ያድርጉት፤ አሥር ያልሞላ ድንኳን በአንድ የእኛ ቤተሰብ ይሞላል። ለአማትዎ ለዘበኛው የቀረበውን ድንኳን ይጠይቁላቸው። በመጨረሻም የጉርሻ ነገር፤ በብዙ ካምፖች ለሠራተኛው ሁሉ የጋራ ሣጥን አለ፣ እዚያ የሚገባውን ያስገቡ። ሌሊት ሌሊት የእኛን ስንብት ቆሞ ለጠበቀው ሰው ግን ለብቻው ይስጡት።