ሳፋ ውስጥ ስለሚኖር ኤሊና አብሮት ስለማይኖር ተክል

ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሮቢት ለተመራማሪ እንግዳ አይደለችም። ስለ ማሽላዋ፣ ስለ ጎርፍ ጠለፋዋ፣ ስለ ቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ መስኖ ባለሙያዎች እየመጡ ለክተዋል፣ ጠይቀዋል፣ ጽፈውም ሄደዋል። ክረምት ሲወጣ ልጆች ከኩሬ ይዘውት የሚመጡት ኤሊ ሳፋ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ተክል ሲገባለት ምን እንደሚከተል ግን የለካም የጠየቀም የለም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ይሞላል። ሳፋውን በተክል ስለ መሙላት ግን ምንም ቃል አይገባም።

አንድ፦ ስለ እንስሳው

በቅድሚያ ኤሊው የትኛው እንደሆነ ይለይ። ቅርፊቱ የጎበጠና የተዥጎረጎረ፣ እግሩም ወፍራም ከሆነ የየብስ ኤሊ ነው። እሱ ሣር ግጦ የሚያድር፣ ዋና የማያውቅ ፍጡር ስለሆነ ጥልቀት ያለው ውሃ ውስጥ ከተጣለ ይሰምጣል። ስለዚህ ከጥናቱ ወጥቷል፤ ከሳፋውም በአስቸኳይ ይውጣ።

የውሃው ኤሊ ጠፍጠፍ ያለ ነው። በጣቶቹ መካከል ስስ ቆዳ፣ በጣቶቹ ጫፍ ደግሞ የማይናቅ ጥፍር አለው። ሲደነግጥ አንገቱን ወደ ኋላ አይስብም፤ ወደ ጎን አጥፎ ከቅርፊቱ ጠርዝ ሥር ይሸጉጥና በአንድ ዓይኑ ይመለከታል። ተክል ይዞ ለሚመጣ ሰው የሚሰጠው ምላሽ ይኸው ብቻ ነው። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ራሱን ቀብሮ ዝናብ እስኪመጣ ወራት ይጠብቃል፤ በዚህ ጠባዩ የራያ ቆላ ተወላጅነቱን የሚጠራጠር አይኖርም። ምግቡ በአብዛኛው ትል፣ ነፍሳትና እንቁራሪት ነው፤ ቅጠልም ይቀምሳል።

የጀማሪው የመጀመሪያ ንድፈ ሐሳብ የሚወለደው ከዚህ ነው፦ «ሥጋ ስለሚበላ ተክሌን አይነካም።» ንድፈ ሐሳቡ ስለ ኤሊው ሆድ በአመዛኙ ልክ ነው። ስለ ክንዱ ግን ያሰበው ነገር የለም።

ሁለት፦ ስለ ጀማሪው

በዚህ ጥናት «ጀማሪ» የምንለው፣ የመስታወት ገንዳ ውስጥ በለምለም ቅጠል መካከል የሚዋኝ ኤሊ በስልኩ አይቶ፣ በዚያው ቀን በራሱ ሳፋ ማፈር የጀመረውን ሰው ነው። ተክል ለማስገባት ሦስት ምክንያት ያቀርባል፦ ውበት፣ ጥላና የውሃ ጥራት። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ነገሩን አሳዛኝ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የውሃውን ጥራት እንውሰድ። ከኤሊው የሚወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ተክሉ ደግሞ ናይትሬቱን ይመገባል። ወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ ጋብቻ የለም። ሳፋ ውስጥ ግን አንደኛው ወገን ሌት ተቀን ያመርታል፤ ሌላኛው ወገን ሦስት ዘለላ ቅጠል ነው። ስለዚህ ውሃው መለወጡ አይቀርም፤ መለወጥ ማለት ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቦኖ ተሸክሞ መምጣት ማለት ነው።

የውጭ መጻሕፍት ለኤሊውም ለተክሉም ልዩ መብራት እንዲገዛ ይመክራሉ። የሮቢት ጀማሪ ከዚህ ወጪ ድኗል። መብራቱ በነጻ ተሰቅሎለታል፤ ጉድለቱ ማጥፊያ የሌለው መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ሳፋው ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ ላይ ይሁን። ኤሊው ወጥቶ የሚደርቅበት ድንጋይም አይጥፋ። ይህ ቀጥተኛ ምክር ስለሆነ ከቀልድ እንዳይቆጠር አደራ እንላለን።

ሦስት፦ የአጠፋፍ ምደባ

ሊኒየስ የተባለው ስዊድናዊ ሊቅ ዕፅዋትን በአበባቸው መድቦ ነበር። የሳፋ ተክል አበባ እስኪያወጣ ስለማይቆይ፣ በአጠፋፉ መመደብ ግድ ሆኗል።

ሀ) በመነቀል የሚጠፋ። ኤሊው ተክሉ ላይ ቂም የለውም። ተክሉ የተተከለበት ቦታ ግን የእሱ ማለፊያ ነው። ያልፋል፤ ሥሩ ይወጣል፤ ተክሉ ይንሳፈፋል። ጀማሪው መልሶ ይተክላል፤ ኤሊው ተመልሶ ያልፋል። ውጭ አገር ለዚህ የተገኘው መላ አፈር የማይሻ ተክል መርጦ ግንድ ወይም ድንጋይ ላይ በክር ማሰር ነው። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ቅጠሉ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ኤሊዎች ይተዉታል። የአፍሪካ ልጅ ሆኖ ሳለ በአውሮፓ ሱቆች በየመደርደሪያው ሞልቷል፤ ቆቦ ገበያ ውለው ቢያድሩ ግን አያገኙትም። ከቡናችን ጀምሮ የለመድነው ነገር ስለሆነ አያስገርመንም።

ለ) በመተኛት የሚጠፋ። በአሮጌ ድስት ተተክሎ፣ አፉ በጠጠር ተጭኖ፣ መነቀልን ያሸነፈ ተክል ነው። ኤሊው ይመረምረዋል፣ ጥንካሬውን ያደንቃል፣ ከዚያ ላዩ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

ሐ) በመበላት የሚጠፋ። ሰላጣ ከዚህ ይመደባል። ይህ ከሁሉም ዕድለኛው ነው፤ ቢያንስ ለአንድ ነፍስ ጠቅሞ ሄዷል። ሆኖም ከሽንኩርት ማሳ ቦይ ዳር የተነቀለ ቅጠል ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ይችላልና ሳይታጠብ አይግባ። ማሳው ሰሞኑን የተረጨ ከሆነ ታጥቦም አይግባ።

መ) በፍየል የሚጠፋ። ፍየልን በተመለከተ ጥናት አያስፈልግም።

ከእነዚህ በአንዱም የማይጠፋ አንድ ተክል አለ፤ እምቦጭ። ተንሳፋፊ ስለሆነ መነቀል አያስፈራውም። ቢተኙበት ተመልሶ ብቅ ይላል፤ ቢበሉት ከተበላው በላይ ይበቅላል፤ ውሃ ውስጥ ያለውን ናይትሬት ይመጠምጣል። ለሳፋ የተፈጠረ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ሐይቅ ላይ በይፋ ከታወቀ ወዲህ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲያወጣው የኖረውም በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ነው። ሮቢት ከጣና ሩቅ ናት። ሩቅ ሆና ትቆይ።

አራት፦ ሠ) በቡና የሚጠፋ

ይህ ዓይነት አንድ ተክልን ብቻ ይመለከታል፤ ቄጠማን። ሰፊ ቦታ የተሰጠውም በክብሩ ምክንያት ነው።

ቄጠማ የውሃ ዳር ልጅ ስለሆነ እግሩ ቢረጥብ ደስታው ነው። ሥሩ ጠጠር ከያዘ አይለቅም፤ ስለዚህ ከ(ሀ) ያመልጣል። ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለሆነ መኝታ አይሆንም፤ ከ(ለ) ያመልጣል። ለኤሊው አፍ ጠጣር ነው፤ ከ(ሐ) ያመልጣል። ሳፋው ደረጃ ላይ ከተቀመጠ፣ በጥቂት ዕድል ከ(መ) ያመልጣል። ቄጠማው ይለመልማል። ኤሊው በመካከሉ ይሾልካል፤ ከሥሩ ተደብቆ በአንድ ዓይኑ ያያል። ጀማሪው ስልኩን አውጥቶ ያነሳዋል። እዚህ ድረስ ጥናቱ የተሳካ ነበር።

ከዚያ እንግዳ ይመጣል።

የወሎ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንዳለው ይታወቃል። ከአቦል በፊት ግን ወለሉ አለ፤ ወለሉ ደግሞ ቄጠማ ይፈልጋል። ድንገተኛ እንግዳ የመጣበት ቤት ቡናው አለ፣ ዕጣኑ አለ፣ ቆሎው ይቆላል። የገበያ ቀን ስላልሆነ ቄጠማው የለም። የባለቤቲቱ ዓይን ግቢውን ይዞራል። ደረጃው ላይ ሲደርስ ይቆማል።

በቡና የሚጠፋው ቄጠማ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው የድንገተኛ እንግዳ ቄጠማ ነው። አጨዳው በቢላ፣ ፍጥነቱ ከመብረቅ የማያንስ ነው። የተቃውሞ ሥርዓቱም አጭር ነው፦

«እማዬ፣ የኤሊው እኮ ነው!»

«እና እንግዳው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ?»

በዚህ ክርክር ያሸነፈ ጀማሪ እስካሁን አልተመዘገበም።

ሁለተኛው የጎረቤት ቄጠማ ነው። እትዬ ከአጥር ማዶ «ሸጋ ቄጠማ አለሽ አሉ፤ እስቲ ለዛሬ ብቻ» ይላሉ። «ለዛሬ ብቻ» የሚለው የጊዜ ገደብ በተግባር እንዴት እንደሚቆጠር ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል። መከልከል አይቻልም፤ ባለፈው ሳምንት ሰፌዳቸውን ማን ነበር የተዋሰው?

ሦስተኛው የበዓል ቄጠማ ነው። በቀዳም ስዑር ርግቢቱ ለኖኅ ያመጣችውን ለምለም ቅጠል እያሰቡ ምእመናን ቄጠማ በራሳቸው ያስራሉ። በእንቁጣጣሽ ወለሉ ይጎዘጎዛል። ዒድ ሲመጣ ደግሞ እስላም ጎረቤት ቤት ቡናው ይፈላል። ሮቢት ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም አንዱ ሌላውን ለዓመት በዓል ስለሚጠራ፣ ሳፋው የሁለቱንም ሃይማኖት በዓላት ሳያዛንፍ ያከብራል። ሁለት የበዓል መቁጠሪያ ይዞ በሁለቱም የሚታጨድ ሌላ ገንዳ በዓለም ላይ መኖሩን እንጠራጠራለን።

እዚህ ላይ ሳይንስ ጣልቃ መግባት አለበት። ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ራሱ ሳይታመም ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥን የከለከለችው፣ ትንንሾቹን እየዳበሱ አፋቸው ውስጥ የሚከቱ ሕፃናት በዚህ ስለታመሙ ነው። ስለዚህ ከሳፋው የታጨደ ቄጠማ ቆሎና ዳቦ በሚቀርብበት ወለል ላይ መጎዝጎዝ፣ በራስ ላይ መታሰርም የለበትም። ሳፋውን የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የሳፋው ውሃ ከማድ ቤት ይራቅ።

ይህ ማስረጃ ለእናቶች ሲቀርብ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «እና እንዲህ ያለውን ነገር ለምን ቤቴ አመጣኸው?»

የጥናቱ ዘዴ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀም።

አምስት፦ ስለ ቀሪዎቹ

ምደባው በ(ረ) በዶሮ፣ በ(ሰ) በኳስ እንዲቀጥል ታስቦ ነበር። ሆኖም ፊደሉ አልቆ ሳፋው ባዶ እንደሚሆን ስለተረዳን አቁመናል።

አንድ ነገር ብቻ ይነገር። ሮቢት ውስጥ ውሃ ሜዳ ላይ መድፋት ነውር ነው። የኤሊው ውሃ ሲለወጥ አንድ ሰው ከቤት ውስጥ «እንዳትደፋው!» ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከሳፋው አጠገብ ያለችው ፓፓያ ሥር ይፈስሳል። ጥሬውን የሚበላ ጎመንና ሰላጣ ላይ እንዳይፈስ እንጂ፣ ፓፓያዋ ፍሬዋን ከፍ አድርጋ ስለምትይዝ ችግር የለም። ሳፋው ውስጥ ሦስት ዘለላ ቅጠል ያልቻለውን ናይትሬት እሷ ትወስደዋለች። ቆላው ተስማምቷት ትመዘዛለች። ቅጠሏ ሰፍቶ ግማሹን ሳፋ ያጠላል።

ውበት፣ ጥላና የውሃ ጥራት፤ ጀማሪው የፈለጋቸው ሦስቱም ተሟልተዋል። ተክሉ ከሳፋው ውጭ በመሆኑ ኤሊው አያልፍበትም፣ አይተኛበትም፣ ለቡናም አይጎዘጎዝም። ስለዚህ ለጀማሪ የምንሰጠው ማጠቃለያ አጭር ነው፦ ለኤሊው ንጹሕ ውሃና ድንጋይ፣ ለቡናው ከገበያ የተገዛ ቄጠማ፣ ለግቢው ፓፓያ። ፍሬው ሲበስል ለማን እንደሚሆን ቤተሰቡ ገና አልተስማማም። ኤሊው ቁራጭ እንዲደርሰው ጀማሪው ይከራከራል፤ ፍየሏ ግን ግንዱን በሁለት እግሯ ተደግፋ ቆማ አቋሟን ከወዲሁ አሳውቃለች።