ያልኩህን ብቻ ስማ

እኛ በሲ ቋንቋ ስንጽፍ ተጠቃሚው ተርሚናል ላይ የመታው ትእዛዝ ቃል በቃል ተሰልፎ ወደ ፕሮግራሙ ይገባ ነበር፤ ከፊት የሚቆመው የፕሮግራሙ ስም ብቻ ነው፣ ከዚያ ባለጉዳዩ ይቀጥላል። የዘንድሮው ኖድ ግን ፕሮሰስ.አርግቪ በሚለው ሰልፍ ላይ መጀመሪያ ራሱ የተቀመጠበትን አድራሻ ያቆማል፣ ቀጥሎ የፋይሉን አድራሻ ያቆማል፣ ባለጉዳዩ ሦስተኛ ይሆናል። በዚህ የተነሳ አገር ምድሩ ኮዱን «ስላይስ 2» ብሎ ይጀምራል። ለምን 2 ሆነ ብዬ ልጆቹን ስጠይቅ «ጋሼ፣ እንዲሁ ነው የሚጻፈው» ይሉኛል። ኖድን እ.ኤ.አ. በ2009 ያመጣው ራያን ዳል ራሱ፣ ኋላ ዴኖን ሲሠራ እነዚያን ሁለቱን ከሰልፉ አውጥቷቸዋል። ደግ አደረገ። እኛ ግን እዚያው ነን።

ይሁን፣ ሁለት ነገር ቆርጦ መጣል ማንንም አይገድልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከትእዛዙ ቃላት ሰረዝ ያለውን፣ ፍላግ የሚሉትን፣ ከሌለው የሚለየው ጌትኦፕት ከኤቲ ኤንድ ቲ ወጥቶ ለሕዝብ የተሰጠው በ1985 ነበር። ኖድ ግን ተወልዶ እስከ 2022 ድረስ ለዚህ ሥራ የራሱ መሣሪያ አልነበረውም። እስከዚያው ሁለት ሰረዝ ለማንበብ ሰው ከኤንፒኤም ፓኬጅ ያወርዳል! ኮማንደር የሚባል አለ። ኦፕቲሚስት የሚባል ነበረ፤ እሱ ሲተው ሚኒሚስትና ያርግስ መጡ። የያርግስ መግለጫማ የተጻፈው በባሕር ወንበዴ አነጋገር ነው። ቀልድ ነው አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ወንበዴ ያስተምረኝ?

የእህቴ ልጅ ጎበዝ ናት፣ አልዋሽም። እኔ ጸሐፊ ለሆንኩበት እድር ለአባላት አጭር መልእክት የሚልክ ፕሮግራም በኖድ ሠራችልን፤ ትእዛዙን የሚያነብላት ሚኒሚስት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ አባል ለመላክ --ስልክ ብዬ በ09 የሚጀምረውን ቁጥር ሰጠሁት። አልደረሰም። ለካስ ሚኒሚስት ቁጥር የሚመስል ነገር ሲያይ ሳይጠየቅ ወደ ቁጥር ይቀይራል፤ ቁጥር ደግሞ ፊቱ ላይ ዜሮ አያቆይም። ዜሮዋን ዋጣት! «ጋሼ፣ ስልክ ስትሪንግ ነው ብዬ አስቀድሜ ልነግረው ይገባ ነበር» አለችኝ። እኮ! ያልነገሩትን እንዳይነካ ማን ይንገረው?

ይኼ ግን ገና መጀመሪያው ነው። አንድ ቀን እኔ በሌለሁበት ገንዘብ ያዣችን ስብሰባ ሊጠራ ተቀመጠ። ልጅቷ ጠንቃቃ ስለሆነች «መጀመሪያ ይቺን ጨምርባት፣ ሳትልክ ታሳይሃለች» ብላ --ሙከራ የምትለዋን በስልክ ጽፋ ላከችለት። የመልእክት መተግበሪያው ደግሞ ለማሳመር ብሎ ሁለቱን አጭር ሰረዞች አጣብቆ አንድ ረጅም ሰረዝ አደረጋቸው። ገንዘብ ያዡ ገልብጦ ለጠፋት። ቀጥሎ --መልእክት አለና «ነገ ስብሰባ አለ» ብሎ ያለ ጥቅስ ምልክት ጻፈ።

አሁን ልብ በሉ። ዛጎሉ፣ ማለቴ ሼሉ፣ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ በየክፍተቱ ቃሉን ቆራርጦ ያቀርባል፤ ይኼ የቆየ ሕግ ነው፣ በሱ አልጣላም። ሚኒሚስት --መልእክትን አይቶ ቀጥሎ የቆመውን «ነገ» የሚለውን ወሰደ። «ስብሰባ» እና «አለ» ትርፍ ሆኑ። ረጅሙ ሰረዝ ያለባት ሙከራም ለሱ ፍላግ አይደለችም፣ ተራ ቃል ናት። ትርፍ ቃል ሲያገኝ የሚከትበት፣ ስሙ የሥር መስመር ብቻ የሆነ አንድ መሳቢያ አለው፤ ሦስቱንም እዚያ ከተታቸው። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ላከ።

የእድሩ አባል ሁሉ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከእድሩ «ነገ» የሚል መልእክት ደረሰው።

እድር «ነገ» ሲል ምን ማለት ነው? ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን እያነሳ ወጣ። ግማሹ የኔን በር አንኳኳ፣ ግማሹ ገንዘብ ያዡ ጋ ሄደ፤ እኔን በአካል አይተውኝ እንኳ ያላመኑ ነበሩ። የድሮው ጡሩምባ ነፊያችን ነፍሱን ይማረውና፣ ያልገባው ነገር ሲኖር ጡሩምባውን ብብቱ ሥር ከቶ «ማን? የት? ስንት ሰዓት?» እያለ ያደርቀን ነበር። ማድረቅ ይሻላል።

ደግሞስ የሚኒሚስት ጉድ ዝም ማለቱ ብቻ መሰላችሁ? በትእዛዝ መስመሩ ላይ በተንኮል በተጻፈ ፍላግ የፕሮግራሙን ዕቃዎች ሁሉ ጠባይ መቀየር ይቻል ነበር። በ2020 ተጠገነ ተባለ፤ ቀዳዳው እንደገና ተገኝቶ በ2022 ደግሞ ተጠገነ። በስንት ሺህ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ነገር እኮ ነው።

ኖድ ራሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። --ኢንስፔክት ከፋይሉ ስም በፊት ሲጻፍ ኖድ ለራሱ ይወስደዋል፤ ከስሙ በኋላ ሲጻፍ ለፕሮግራሙ ያልፋል። በኤንፒኤም በኩል ሲያስኬዱት ደግሞ መሐል ላይ ብቻውን የቆመ ሁለት ሰረዝ ካላስገቡለት ፍላጉ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚያ ምሽት በኋላ ልጅቷን አስቀምጬ «ፓርስአርግስ» አልኳት። በ2022 ኖድ 18.3 ላይ የገባው፣ በ2023 በኖድ 20 የጸናው፣ ምንም የማይወረድለት። እሱ የሚያውቀው ዓይነት ሁለት ነው፣ ስትሪንግና ቡሊያን። ቁጥር አይገምትም፣ ዜሮ አይውጥም። ያልተነገረው ፍላግ ሲመጣ፣ ወይም ባልተፈቀደበት ትርፍ ቃል ሲያገኝ፣ ስህተት ብሎ ይቆማል። ረጅሙ ሰረዝ ያለባት ሙከራ ስትመጣበት ያን ጊዜውኑ ይጮህ ነበር፣ ሰፈሩም በሰላም ይተኛ ነበር።

«ጋሼ፣ እሱ ግን ድርቅ ይላል» አለችኝ። ይድረቅ! ቀየረችው።

ባለፈው ወር ታዲያ ገንዘብ ያዡ የአንዲት እናት ሒሳብ ሊያሳውቅ --መዋጮ 50 --ቅጣት 10 ብሎ ላከ። ፓርስአርግስ የተባለውን ብቻ ሰምቶ ሁለቱንም እንደ ቃል አስረከበ። ጃቫስክሪፕት ቃልና ቃል ሲደምር ደግሞ ጎን ለጎን ይለጥፋቸዋል። እሳቸው 5010 ብር ክፈሉ የሚል ደረሳቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው እኔ በር ላይ ናቸው። ይኼ የፓርስአርግስ ጥፋት አይደለም፣ እምላለሁ። የመደመር ምልክቱ ነው፤ እሱን ሌላ ቀን እመጣበታለሁ።