ክንድ ጠምዝዞ ማሳደግ

እ.ኤ.አ. በ1975 ማቴል የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት ሠሪ የባርቢን ታናሽ እህት ስኪፐርን በአዲስ ጥበብ ለገበያ አቀረበ። የግራ ክንዷን ሲያዞሩት ወገቧ ይረዝማል፣ ጡትም ታወጣለች። መልሰው ሲያዞሩት ደግሞ ተመልሳ ልጅ ትሆናለች። ብጉር የለ፣ ከእናት ጋር መነታረክ የለ፣ በር ወርውሮ መዝጋት የለ። በአንድ አሻንጉሊት ሁለት አሻንጉሊት ተብላ ተሸጠች። ጡቷ ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ፊቷ ነው። ክንዷ የቱንም ያህል ቢጠመዘዝ ፊቷ ንቅንቅ አይልም። ልጅነቷም ጉርምስናዋም በአንድ ጭንቅላት አለፈ።

ዕድሜ ግን ዋና ሥራውን የሚሠራው ጭንቅላት ላይ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፤ የጎልማሳ ቁመት ደግሞ ሰባት ጭንቅላት ተኩል ገደማ ይሆናል። የጎልማሳ ዐይን የጭንቅላቱ መሀል ላይ ሲያርፍ የሕፃኑ ከመሀል ዝቅ ይላል፤ መንጋጋው ገና አላደገማ! ይህን የማያውቅ አሻንጉሊት ቀራጺ ልጅ ሥራ ሲሉት አዋቂ ሰው ያሳንስና ከረሜላ ያስይዘዋል። ሽማግሌ ሥራ ሲሉት ደግሞ የወጣቱን ግንባር በመርፌ ይጭረዋል። የሚወጣው ሽማግሌ ሳይሆን የቤት ኪራይ የተጨመረበት ጎረምሳ ነው። እርጅና መስመር ብቻ መሰለው እንዴ? ጆሮና አፍንጫ ይረዝማሉ፣ ከንፈር ይሳሳል፣ ጥርስ ሲረግፍ የመንጋጋ አጥንት ይመነምናል፣ አገጭም ወደ አፍንጫ ይጠጋል። ይህን ለማሳየት ጭንቅላቱን እንደ አዲስ መቅረጽ ግድ ነው።

ፋብሪካ ደግሞ ይህን አይወድም። ፎርማ ውድ ነው፤ አንዴ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል። ለዚህ ነው ብዙ ባርቢዎች ገላቸው ላይ 1966 የሚል ቁጥር የታተመባቸው። ቁጥሩ የገላው ቅርጽ መብት የተመዘገበበት ዓመት እንጂ አሻንጉሊቷ የተሠራችበት አይደለም፤ በ1990ዎቹ የወጡትም ይኸው ማኅተም አለባቸው። ታዲያ ለልጁ የገዛላትን ባርቢ ገልብጦ ያየ አባት ዐይኑ ይበራል፤ ከቅርስ ተርታ መድቦ ዋጋ ይቆልልባታል። እኛ የምናውቀው ወረቀት ዕድሜ ሲቀንስ ነበር። ለባርቢ ግን ፊቷ ይቀንስላታል፣ ማኅተሟ ይጨምርባታል።

የባርቢ ነገር ከተነሣ፣ በ1959 ስትወጣ ሳጥኗ ያስተዋወቃት ገና ሃያ ያልሞላት የፋሽን ሞዴል አድርጎ ነው። በ1965 ጠፈርተኛ፣ በ1973 የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ በ1992 የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሆነች። አገራችን ውስጥ ዕድሜ ከ25 ያልበለጠ፣ የሥራ ልምድ 10 ዓመት የሚሉ የቅጥር ማስታወቂያዎችን የሚያወጡ ሰዎች ማንን እንደሚፈልጉ አሁን ገባኝ። በ1964 የመጣችው ስኪፐር እንኳ ቀስ በቀስ ወደ ጉርምስና ስታልፍ፣ የታናሽ እህት ቦታዋን ስቴሲ በ1992፣ ኬሊ በ1995 ያዙላት። ታናናሾቹ ይፈራረቃሉ፤ ታላቂቱ ግን ካለችበት ፈቀቅ አትልም።

እርግዝናም በዚሁ ጥበብ ተሠርቷል። በ2002 የባርቢ ጓደኛ ሚጅ በማግኔት የሚለጠፍ፣ ውስጡ ሕፃን ያለበት ሆድ ተሠራላት። ሆዱን ሲያነሡላት ወዲያውኑ ሸንቃጣ ናት፤ ገንፎ የለ፣ አራስ ጥየቃ የለ። ወላጆች ቅሬታ ሲያሰሙ ዎልማርት ከመደርደሪያው አነሣት። ቅሬታቸው ግን በእርግዝናዋ እንጂ በወገቧ አልነበረም።

አሻንጉሊት ሠሪዎቹ ሽበትን ጨርሶ አያውቁትም ማለት ሐሜት ይሆንብኛል። በ2022 ንግሥት ኤልሳቤጥ 96 ዓመት ሲሞላቸው የወጣችው ባርቢ ነጭ ፀጉር አላት፤ ፊቷ ላይ 96 ዓመት ለማግኘት ግን አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ የጄን ጉዶል ባርቢም ወጣች። ጉዶል ያኔ የ88 ዓመት አዛውንት ነበሩ። አሻንጉሊቷ ግን ካኪ የለበሰች፣ ወርቃማ ፀጉሯን ወደ ኋላ የሰበሰበች ወጣት ናት፤ አንቱ የሚባሉትን ሴት አንቺ የምትባል ልጅ አደረጓቸው። አብሯት በሳጥኑ የታሸገው በአገጩ ሽበት የታወቀው ቺምፓንዚ ዴቪድ ግሬይቤርድ ነው። ማርጀት የተፈቀደው ለእሱ ብቻ ነው።