የሽታ ማስረጃ አቀራረብን ለመወሰን የወጣ አዋጅ

በአቃቂ ወንዝ ዳር የቆዳ ፋብሪካ አጥር ሥር የሚኖሩ ነዋሪዎች በየጊዜው «ከረፋን» እያሉ ቢሮ ማጣበባቸው ሥራ የሚያስፈታ በመሆኑ፤

ሽታ ፊርማም ማኅተምም የሌለው፣ በፋይል የማይታሰር ነገር በመሆኑ፤

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት የተሰጠው ሰው ነገሩን የምር አድርጎ መያዙ አሳሳቢ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የአፍንጫ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ
«ፋብሪካ» ማለት የሥራ ዕድል ነው። «ወንዝ» ማለት ቦይ ነው። «ነዋሪ» ማለት አቤቱታ የሚያበዛ ሰው ነው።

3. ስለ ሽታ ማስረጃ
1/ ሽታ ተቀባይነት የሚኖረው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ባለው ጊዜ በባለሙያ የተሸተተ እንደሆነ ብቻ ነው።

2/ የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በምሳ ሰዓት የመጣ ሽታ ከምሳ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

3/ ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ያየው ባለሙያ ስለሌለ እንዳልተለቀቀ ይቆጠራል። ሆኖም ሌሊት የሸተተው ነዋሪ ሽታውን በጠርሙስ አሽጎ፣ የወረዳ ማኅተም አስመትቶ ማቅረብ ይችላል፤ ይሁንና፣
ሀ) ጠርሙሱ አረቄ ያልነበረበት መሆን አለበት፤
ለ) ተከፍቶ ካልሸተተ አቤቱታው ይዘጋል፤
ሐ) ተከፍቶ ከሸተተ አመልካቹ የመንግሥት ሠራተኛን በማወክ ይጠየቃል።

4/ ፀጉር ከቆዳ ለማራገፍ የሚገባው ኖራና ሰልፋይድ የሚያወጣውን የተበላሸ ዕንቁላል ሽታ በሚመለከት፣ አመልካቹ ቤቱ ዕንቁላል አለመኖሩን ያስረዳል። በዐቢይ ጾም ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው፤ የማይጾም ጎረቤት ካለው ግን ነፃነቱ ይሰረዛል።

5/ ሌሊቱን ሲስል ያደረ ልጅ ሳሉ ከከሰል፣ ከእጣን ወይም ከቡና ጭስ አለመምጣቱ በወላጅ ወጪ ይረጋገጣል። ከተረጋገጠ በኋላ ወላጅ «ታዲያ ለምን እዚያ ትኖራለህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ይህን የጠየቅኸኝ ሰውዬ፣ የት ልሂድ? ቦታውን የመራኸኝ አንተ፣ ካርታ የሰጠኸኝ አንተ፣ በየዓመቱ ግብር የምትቀበለኝ አንተ! ፋብሪካው ይዘጋ መቼ አልኩ? የገዛ እህቴ እንጀራዋ እዚያው ነው። ማጣሪያውን ያብሩት ነው ያልኩት! ማጣሪያው እኮ አለ። የናንተ መኪና በር ላይ ሲደርስ ይነሣል፣ መኪናው ኩርባውን ሳይጨርስ ይጠፋል። መብራት ይበላል አሉ። የልጄ ሳንባስ ምን ይበላል?

6/ ከዚህ በላይ የተሰማው ጩኸት የድምፅ ብክለት ስለሆነ ያስቀጣል። ለዚህ ማስረጃ አያስፈልግም።

4. ስለ ወንዙ
ክሮም የተቀላቀለበት ውኃ ድንበር ከተሻገረ፣ እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ ድረስ የሌላ ወረዳ ጉዳይ ነው። በዚሁ ውኃ የበቀለ ሰላጣና ቆስጣ ስለማይሸት አንቀጽ 3 አይመለከተውም፤ ባለሙያው በምሳ ሰዓቱ ሊመገበው ይችላል።

5. ቅጣት
ከአመልካቹ በስተቀር ማንም አይቀጣም።

6. ስለ ሌሎች ሕጎች
ማንም ሰው ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤት እንዲል የፈቀደው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በዚህ አዋጅ አልተሻረም። መሻር አላስፈለገም።