«መጣ?» «አልመጣም!»

መተማ ዮሐንስ ላይ ቴሌቪዥን ማስተከል የሰፈር ጉዳይ ነው። ዲሽ ሠሪው ቆርቆሮው ላይ ይወጣል፤ ልጁ በር ላይ ቆሞ ወሬ ያቀባብላል፤ እማማ ስክሪኑን ይጠብቃሉ። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጥቶ ሄደ!»

ዲሽ ሠሪው አይፈረድበትም። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት የሚሠራጭበት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ለናይልሳት የተተከለው የድሮው ሳህን ከድንበሩ ማዶ ያለችውን የሱዳን ገላባት አሻግሮ ሲያይ፣ የኢትዮሳቱ አዲሱ ለሱዳን ጀርባውን ሰጥቷል። ድንበሩ ጣሪያችን ላይ ወጣ ማለት ነው።

ምስሉ ከመጣ በኋላ ደግሞ ማልበስ ይጀመራል። ሰው በካናቴራ በሚያልብበት ቆላ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይደርባል፤ ጀርባው ከግድግዳ ተጣብቋል፤ የፋብሪካው ላስቲክም አልተላጠም፤ «አዲስነቱ እንዳይሄድ!» ስታብላይዘር ግዙ ሲባሉ ግን ብሩ በስክሪኑ ስፋት አልቋል። መብራት ሄዶ በጉልበት ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ከነዳንቴሉ ይሰናበታል፤ መገነዣ እንኳ አያስፈልገውም።

ወገኖቼ፣ ዳንቴሉን አውልቁለት፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፤ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ። በመተማ ፀሐይ ቴሌቪዥንም ይሞቀዋል።