ጊዜው የደረሰ ቦንድ የሚባክንበት መንገድ

ጊዜው የደረሰ የመንግሥት ቦንድ ይዞ ገንዘቡን ማጣት የሚሻ ሰው ብዙ መድከም የለበትም። ሰነዱን በፌስታል ጠቅልሎ ከሳጥን ሥር ያኑረው፤ የሚከፈልበትን ቀን ይርሳው፤ ቀኑ ትዝ ካለውም «አሁን ባወጣው ግብር ይቆርጥብኛል» ብሎ መልሶ ይጠቅልለው። ይህ ምክር በቆቦና በራያ ቆላ ላሉ ቦንድ ያዦች የተጻፈ ነው፤ በግልባጩ እንዲያነቡት እለምናለሁ። የህዳሴው ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ በኋላ ለግድቡ የተሸጠውን ቦንድ የገዛው ባለሀብት ብቻ አልነበረም። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ በየወሩ እያስቆረጠ፣ ነጋዴው ከሱቁ፣ ገበሬው ከጤፍና ከማሽላ ሽያጩ ገዝቷል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2003 የአምስት ዓመት ቦንድ የገዛ ሰው ግን ምረቃውን መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር፤ ገንዘቡ የሚመለስበት ቀን የደረሰው በ2008 ነው።

ለማባከን የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ሕጉን ሳያይ ግብሩን ይፍራ። ይህ ፍርሃት ከሁሉም በላይ ስለሚያስር ረዘም አድርጌ ልመልስበት። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ወለድን ያስቀመጠው በሠንጠረዥ «መ» ውስጥ ነው። አዋጁ ሲወጣ በፋይናንስ ተቋም ከተቀመጠ ቁጠባ በሚገኝ ወለድ ላይ 5 በመቶ፣ በሌላ ዓይነት ወለድ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ግብር ጥሏል። ግብሩ የሚያርፈው በወለዱ ላይ ብቻ ነው። ዋናው ገንዘብ የራሳችሁ ተመልሶ የመጣላችሁ እንጂ ገቢ አይደለም፤ ማንም ግብር ሊቆርጥበት አይገባም። አሁን በቁጥር እንየው። አንድ ሰው የ10,000 ብር ቦንድ ለአምስት ዓመት በ5.5 በመቶ ወለድ ገዛ እንበል። በዓመት 550፣ በአምስት ዓመት 2,750 ብር ወለድ ያገኛል። ቦንዱ ከግብር ነፃ ከተደረገ ጨርሶ የሚቆረጥበት የለም። እኔ ግን ሆን ብዬ የከፋውን ልያዝ፤ 10 በመቶ ይቆረጥበት። የሚቀነሰው 275 ብር ነው። ከ12,750 ብር ላይ 275 ብር ላለመክፈል ብሎ ሙሉውን ሳጥን ውስጥ የሚተው ሰው ከመንግሥት ያዳነው ነገር የለም። ግብሩም ሳጥን ውስጥ በመቆየቱ አይሰረዝም፤ የሚከፈልበት ከሆነ ወለዱ በተከፈለ ቀን ያው ይቆረጣል።

«ሁሉንም በአንድ ዓመት ካወጣሁት ደመወዜ ላይ ተደምሮ ከፍ ያለ ግብር ውስጥ ይከተኛል» ብሎ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ማውጣትም አንዱ የማባከኛ ዘዴ ነው። ይህ ሥጋት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ የሌላ አገር ሥጋት ነው። በአሜሪካ «ኢ ኢ» የሚባለው የመንግሥት የቁጠባ ቦንድ ለ30 ዓመት ይወልዳል፤ ብዙ ሰዎች የወለዱን ግብር እስከሚያወጡበት ቀን ያቆዩታል፤ ሲያወጡት የ30 ዓመት ወለድ በአንድ ዓመት ገቢያቸው ላይ ይደመርና ወደ ከፍ ያለ ምጣኔ ሊገፋቸው ይችላል። በእኛ አዋጅ ግን የደመወዝ ግብር በሠንጠረዥ «ሀ» ለብቻው ይሰላል፤ ገቢው በጨመረ ቁጥር እስከ 35 በመቶ የሚወጣው እሱ ነው። የወለድ ግብር አንድ ወጥ ምጣኔ ያለው፣ በዚያው የሚያበቃ የመጨረሻ ግብር ነው። ስለዚህ የቆቦ መምህር ቦንዱን በአንድ ቀን ቢያወጣው ደመወዙ ላይ የሚጨመር አንድም ሳንቲም ግብር የለም። ሥጋቱ በእውነት በሚሠራበት በአሜሪካም ቢሆን ከመጨረሻው ቀን በኋላ መዘግየት አያተርፍም፤ ቦንዱ 30 ዓመቱን በጨረሰበት ዓመት ሰውየው ገንዘቡን ቢያወጣም ባያወጣም ወለዱ እንደ ገቢ ይቆጠርበታል። እንዲያም ሆኖ ጊዜው አልፎ ያልተነሳ፣ ወለድ መውለዱን ያቆመ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የቁጠባ ቦንድ በዚያ አገር ይገኛል። መዘንጋቱ የእኛ ሰው ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ ይህ ይመሰክራል።

እውነተኛው ቆራጭ ሌላ ነው፤ የዋጋ ንረት። ቦንድ ጊዜው ከደረሰ በኋላ ካልታደሰ እንደ ደንቡ መውለዱን ያቆማል፤ ገበያው ግን አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት በአማካይ 34 በመቶ ገደማ ነበር። ከላይ ያየነው 12,750 ብር ያን አንድ ዓመት ሳጥን ውስጥ ካሳለፈ ከ3,200 ብር በላይ የሚሆን የመግዛት አቅሙን አጥቷል። የከፋው ግብር 275 ብር አንድ ጊዜ ነበር፤ ይኸኛው ግን ያለ አዋጅ፣ ያለ ደረሰኝ፣ በየዓመቱ ይመጣል። በ2003 አንድ ዶላር 17 ብር ገደማ ሲሆን 10,000 ብር ወደ 600 ዶላር ይጠጋ ነበር። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን በሐምሌ 2016 ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ125 ብር ሲያልፍ 12,750 ብር ከነወለዱ ወደ 100 ዶላር ወርዷል። በራያ ሜዳ የደረሰ ማሽላ ሳይታጨድ ቢቆም ግሪሳ እንደሚያራግፈው ማንም ገበሬ ያውቃል፤ የደረሰ ቦንድም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «አውጥቼ ባንክ ባስቀምጠውስ ንረቱ ያው አይበላውም ወይ?» ይለኛል። ይበላዋል። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኗል፤ 7 በመቶ ከ34 በመቶ ንረት አያድንም። ነገር ግን ከዜሮ ይሻላል፤ ደግሞም የወጣ ገንዘብ የግድ ባንክ አይቀመጥም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውኃ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ለማዳበሪያና ለነዳጅ ከቦንዱ ወለድ እጅግ በሚበልጥ ወለድ ይበደራል። የራሱ ገንዘብ ሳጥን ውስጥ ሳይወልድ ተኝቶ የሰው ገንዘብ በውድ መበደር ከማባከኛ መንገዶች ሁሉ ፈጣኑ ይመስለኛል። ለአንዲት በግ፣ ለአንድ ኩንታል ዩሪያ፣ ለልጅ የትምህርት ወጪ የዋለ ገንዘብ ዋጋው ሲንር አብሮ ይንራል፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን አይንቀሳቀስም።

የምሬን የማከብረው ተቃውሞ ይህ ነው፤ «ለአገሬ የሰጠሁትን ተመልሼ መጠየቅ ነውር ነው።» ለግድቡ የተደረገውን መዋጮ ማንም አያሳንሰውም፤ ሕዝቡ በቦንድና በስጦታ ያዋጣው ከ20 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። ግን ስጦታና ብድር ሁለት ነገር ናቸው፤ መንግሥትም ራሱ ለይቶ ነው የሰበሰበው። ስጦታ የፈለገ ሰጠ፤ ቦንድ የገዛ አበደረ፤ አበዳሪው ደግሞ የመመለሻ ቀን የተጻፈበት ሰነድ ተቀበለ። ገንዘቡን ለአገር መተው የሚፈልግ ሰው መብቱ ነው፤ በግልጽ ፈርሞ ይስጥ፣ ስሙም በሰጪነት ይመዝገብለት። ሰነዱን ሳጥን ውስጥ መርሳት ግን መስጠት አይደለም። የትም ቦታ በስጦታ አይመዘገብም፤ በመንግሥት መዝገብ ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ በቤትም ያልተሰበሰበ ሀብት ይሆናል። እንዲያውም አገርን የሚጠቅመው ገንዘቡን በቀኑ መጠየቅና በቀኑ መከፈል ይመስለኛል። ነገ ለሌላ ሥራ ቦንድ ሲወጣ የራያ ገበሬ የሚገዛው የፊተኛው እንደ ቃሉ መመለሱን በዓይኑ ሲያይ ነው።

በትንሹ ቦንድ ላይ ግን አልከራከርም። ከዞብል ተራራ ሥር ያለ ሰው ለ50 ብር ቦንድ ብሎ ቆቦ ድረስ ቢመጣ ከሚያገኘው የሚያወጣው ይበልጣል። እንዲህ ያለው ለሌላ ጉዳይ ከተማ የሚወጣበትን ቀን ይጠብቅ፣ ወይም ይለግሰው። ምክሬ ለመቶዎቹ ሳይሆን ለሺዎቹ ነው።

ወረቀትን በተመለከተ የማባከኛው መንገድ አጭር ነው፤ ቁጥሩን የትም አትጻፉ፣ ቅጂ አታስቀሩ። ቆቦ በ2013 ክረምት አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ 2014 ዳግም በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ የገባች ከተማ ናት፤ ቤት ጥሎ የሸሸ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ልጁን እንጂ ሰነዱን አይደለም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህም መንገዱና ባንኩ በየጊዜው ይዘጋል። ስለዚህ መሄድ ባይቻል እንኳ የቦንዱን ቁጥር፣ የተገዛበትን ቀንና የሸጠውን ቅርንጫፍ በሁለት ቦታ መጻፍ፣ በስልክም ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ሻጩ ስሙ ተለውጦ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለትም አብቁተ፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ ነው። ተቋም ስሙን ሲቀይር ዕዳው አይጠፋም።

ውጭ አገር ላሉት ልጆቻችን ያለው ማባከኛ ደግሞ «በኢትዮጵያ ከግብር ነፃ ከሆነ እዚህም ነፃ ነው» ማለት ነው። ሳዑዲ ያለው በደመወዙ የገቢ ግብር ስለማይከፍል ብዙ አያስጨንቀውም። አሜሪካ ያለው ግን ከየትም አገር ያገኘውን ወለድ ማሳወቅ አለበት፤ የኢትዮጵያ ነፃነት እዚያ አይሠራም። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የሰነደ ንዋይ ገበያ ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሳያስመዘግብ ከ3,100 በላይ ለሚሆኑ የአሜሪካ ነዋሪዎች 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቦንድ ሸጧል ብሎ ከሶ፣ ድርጅቱ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማምቷል። ከዚያ ተመላሽ ውስጥ ወለድ የደረሰው ሰው ወለዱን በዚያው ዓመት ገቢው ማሳወቅ ነበረበት።

በመጨረሻ፣ ለቤተሰብ አትንገሩ። ባል ለሚስት ሳይናገር ቢሞት ወራሾች የማያውቁትን ገንዘብ ሊጠይቁ አይችሉም፤ የሚያውቁትም ቢሆኑ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት አለባቸው፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ጊዜው ደግሞ ራሱ ይቆጠራል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1845 የተለየ ድንጋጌ ከሌለ ከውል የሚነሳ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ይናገራል፤ ቆጠራውም የሚጀምረው ዕዳው መከፈል ካለበት ቀን ነው። መንግሥት በራሱ ዜጋ ላይ ይህን መከላከያ ያነሳል ብዬ አላስብም፤ ቢያነሳም ትልቅ በደል ነው። ግን ሰው መብቱን በሌላው ደግነት ላይ ማሳደር የለበትም። ተበዳሪ ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ይርጋው ተቋርጦ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ባንኩ ዛሬ መክፈል ባይችል እንኳ ሰነዱ ትክክለኛና ያልተከፈለ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጠየቅ። በ2003 ተገዝቶ በ2008 ለደረሰ ቦንድ አሥሩ ዓመት የሚሞላው በ2018 ዓ.ም. ነው።